የዘኬዎስ ሒሳብ

አንባቢ ሆይ፥ በሉቃስ ወንጌል በ19ኛው ምዕራፍ የተጻፈውን የዘኬዎስን ነገር ከልጅነትህ ጀምሮ ሰምተኸው ይሆናል። ቁመቱ አጭር እንደ ነበረ፥ ሕዝቡ ስለ ከለለው ሮጦ በሾላ ዛፍ ላይ እንደ ወጣ፥ ጌታም ቀና ብሎ አይቶ በስሙ ጠርቶ ወደ ቤቱ እንደ ገባ ሕፃናት እንኳ ያውቁታል። ዳሩ ግን ብዙ ሰው ታሪኩን እስከ ዛፉ ድረስ ብቻ ይዞ ይቀራል። ዘኬዎስ ከዛፉ ወርዶ በቤቱ ውስጥ ቆሞ የተናገረው ቃል የሒሳብ ቃል ነውና፥ ለሥዕልም ለመዝሙርም አይመችም ብለን እናልፈዋለን። እኔ ግን ዛሬ ልነግርህ የምወደው ስለዚሁ ስለ ሒሳቡ ነው።

ዘኬዎስ በኢያሪኮ የቀራጮች አለቃ ነበረ። ኢያሪኮ በዮርዳኖስ አጠገብ ያለች፥ ወደ ኢየሩሳሌም የሚወጣው መንገድ የሚያልፍባት፥ በተምርና በበለሳን የታወቀች ከተማ ነበረች። ነጋዴውም ሁሉ በዚያ ሲያልፍ ሸክሙን አውርዶ ይቀረጥ ነበር። በዚያ ዘመን የመቅረጡ መብት በጫረታ የሚሸጥ ነበረ። የገዛው ሰው ለመንግሥት የተቆረጠውን ገንዘብ ይከፍላል፤ ከዚያ በላይ ከመንገደኛው የሚያገኘው ሁሉ የራሱ ይሆናል። ስለዚህ ቀራጭ ሁሉ ሌባ ነበረ ማለት አይገባም፤ ነገር ግን የሌብነት በር ተከፍቶለት ነበረ። መጥምቁ ዮሐንስ ቀራጮች ወደ እርሱ በመጡ ጊዜ ሥራቸውን ትተው ወደ በረሃ እንዲገቡ አላዘዛቸውም። ከተወሰነው በላይ እንዳይቀበሉ ብቻ ነገራቸው (ሉቃ. 3፥13)። ወንበራቸው አልተወሰደባቸውም፤ እጃቸው ግን ልክ ተበጀለት።

እንግዲህ ዘኬዎስ ቆሞ ሁለት ነገር ተናገረ። ከሀብቱ እኩሌታውን ለድሆች ሊሰጥ፥ በግፍ የወሰደበት ሰው ቢኖር ደግሞ አራት እጥፍ ሊመልስለት ቃል ገባ። ይህ አራት እጥፍ ከየት መጣ? በኦሪት ሕግ፥ በግ ሰርቆ ያረደ ወይም የሸጠ ሌባ ስለ አንዱ በግ አራት በግ እንዲከፍል ተጽፎአል (ዘጸ. 22፥1)። ሳይያዝ በገዛ ፈቃዱ ለሚናዘዝ ሰው ግን ሕጉ ይቀላል፤ ዋናውን መልሶ አምስተኛውን እጅ ይጨምርበታል (ዘኍ. 5፥7)። ስለዚህ 100 ብር ያጭበረበረ ሰው ወዶ ቢናዘዝ 120 ብር ይከፍላል፤ እንደ በግ ሌባ ቢፈረድበት ግን 400 ብር ይከፍላል። ዘኬዎስን የያዘው ዘበኛ የለም፤ ከዳኛ ፊት ያቆመውም ከሳሽ የለም፤ ስለዚህ ቀላሉ ሕግ ይበቃው ነበር። እርሱ ግን ከባዱን ፍርድ በራሱ ላይ ፈረደ። ስሙንም አላሳመረም፤ ትናንት ትርፍ ይለው የነበረውን ዛሬ ስርቆት ብሎ መዘገበው።

እዚህ ላይ ስሕተት እንዳይገባብህ ተጠንቀቅ። ዘኬዎስ ጌታን ወደ ቤቱ ለማስገባት ብሎ አልከፈለም። ጌታ አስቀድሞ ጠራው፥ አስቀድሞ ገባ፥ ከኃጢአተኛ ቤት ገባ ተብሎም አስቀድሞ ታማ። ሒሳቡ የተከፈተው ከዚህ በኋላ ነው። ጸጋ በአራት እጥፍ አይገዛም፥ በመቶ እጥፍም አይገዛም። ሆኖም ጸጋ የገባበት ቤት የሒሳብ መዝገቡን ቆልፎ ሊቀመጥ አይችልም። እንግዳው በአዳራሹ ተቀምጦ ሳለ በጓዳ የተደበቀው የሰው ገንዘብ እንደ ሞተ አይጥ ይሸታልና።

ሌላም ነገር አስተውል። ዘኬዎስ በግፍ የወሰደውን ለቤተ መቅደስ እሰጣለሁ አላለም። ለድሆች የሰጠው ከሀብቱ ነው፤ የተበደሉት ድርሻ ግን ለተበደሉት ለራሳቸው ነው። እኛ ይህን በጣም እንቀላቅላለን። ከአንዱ ነጥቀን ለሌላው እንመጸውትና ዕዳው የጠፋልን ይመስለናል። ጌታ ግን መባህን ይዘህ ከመሠዊያው ፊት ቆመህ ሳለ ወንድምህ ቅር የተሰኘብህ መሆኑ ትዝ ቢልህ፥ መባውን እዚያው ትተህ አስቀድመህ ወደ እርሱ እንድትሄድ አዝዞአል (ማቴ. 5፥23-24)። መባው እንዲዘገይ ፈቀደ፤ ዕርቁ እንዲዘገይ ግን አልፈቀደም።

ይህን በምሳሌ ላሳይህ። አንድ የጤፍ ነጋዴ ነበረ፤ ስሙ አያስፈልግም፤ በየገበያው አለና። ይህ ሰው ሁለት ቁና ነበረው። በአንደኛው ከገበሬው ይገዛል፤ እርሱ የአገሩ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ልክ ነው፤ ሲሰፍርበትም ነቅነቅ አድርጎ ጫፉን ይቆልላል። በሁለተኛው ይሸጣል፤ ይኸኛው ሲሰፋ ትንሽ ጠበብ ብሎ የተሰፋ ነው፤ ሲሰፍርበትም እጁን አቅልሎ ያፈስሳል። ሰውየው በቤተ ክርስቲያን የታወቀ ነው፤ ይዘምራል፥ አሥራቱን ያወጣል፥ ለታመመ ይደርሳል። ይህን የምለው በእርሱ ለማፌዝ አይደለም፤ ዝማሬው የውሸት አልነበረም። ሰው በአንድ ልብ ውስጥ ጸሎትንና ጠባብ ቁናን ለብዙ ዓመት ሳያጋጫቸው ሊያኖራቸው ይችላል፤ የሚያስፈራውም ይህ ነው።

በአንድ እሑድ ይኸው የዘኬዎስ ነገር ተነበበ። ሰባኪው ስለ ዛፉ ብዙ ተናገረ። ነጋዴው ግን ሌላውን አልሰማም፤ አራት እጥፍ የሚለው ቃል ብቻ በጆሮው ቀረ። ወደ ቤቱ ገብቶ ምሳ ሳይቀምስ ሰሌን አነጠፈና ትልቁን ቁና በጤፍ ሞልቶ ከጫፉ በእጁ አስተካከለው፤ ከዚያም ወደ ትንሹ ገለበጠው። ትንሹ ሞልቶ ሁለት እፍኝ በሰሌኑ ላይ ቀረ። ትልቁ ቁና 20 እፍኝ ይይዝ ነበር። በየሳምንቱ ገበያ 40 ቁና ቢሸጥ 80 እፍኝ፥ ማለት 4 ቁና፥ ከገዢዎቹ ያስቀራል፤ በዓመት የ50 ገበያ 200 ቁና ይሆናል፤ እንዲህ ሲነግድ ደግሞ 11 ዓመት ሆኖት ነበር። በከሰል ስባሪ በግድግዳው ላይ 2,200 ብሎ ጻፈና ተቀመጠ። ከሃያው ሁለት፥ ማለት ከአሥር አንድ፥ አሥራት ማለት ነው። እርሱ ለእግዚአብሔር አሥራት ሲያወጣ፥ ከድሆች ደግሞ ለራሱ አሥራት ሲሰበስብ ኖሮአል።

ሚስቱ ነገሩን ሰምታ ደነገጠች። «እርስዎ፥ ይህን ሁሉ ብንመልስ ልጆቹን በምን እናሳድጋለን? ይልቅ ለቤተ ክርስቲያን አንድ ነገር ይስጡና ይብቃ» አለችው። እርሱም «ቤተ ክርስቲያን ከእኔ ጤፍ አልገዛችም» ብሎ መለሰላት። ከዚህ ቃል የተሻለ ትርጓሜ በብዙ መጽሐፍ ውስጥ አላገኘሁም።

ትንሹን ቁና በገበያ መካከል በሰው ፊት አላቃጠለውም። እንዲህ ቢያደርግ ሰው ያመሰግነው ነበር፤ እርሱ ግን ማታ ከምድጃው ጨመረው። ከዚያም የሚያውቃቸውን ደንበኞች በየቤታቸው እየሄደ ነገራቸው። አንዱ ሳቀና ተወው አለው። አንዱ ቂም ይዞ ነገሩን በገበያው ሁሉ አወራበት፤ «እኔም እኮ ይጎድልብኝ ነበር» የሚሉ ሰዎች በደጁ ተሰለፉ፤ ከእነዚያም መካከል ከእርሱ ገዝተው የማያውቁ ነበሩ። በዚያ ዓመት ንግዱ በእኩሌታ ወደቀ። ይህን የምጽፈው እውነተኛ ሰው ወዲያው ይከብራል ብለው የሚያስተምሩ ስላሉ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ መልካም ተረት ነው፤ ንጋቱ እስኪጠራ ግን ብርዱ ብርቱ ነው። ስማቸውን ለማያውቃቸው፥ ፊታቸውም ለጠፋበት ገዢዎች፥ በትልቁ ቁና እየቆለለ ሲሸጥ ኖረ። አራት እጥፍ ሊሞላው እንዳልቻለ ራሱ ያውቅ ነበር። የመጨረሻውን ደንበኛውን ነገር ወደ ኋላ እነግርሃለሁ።

አንተ ጤፍ አትነግድ ይሆናል። ዛሬ በገበያው የኪሎ ሚዛን ቁናውን እየተካው ነው፤ ነገር ግን በሚዛኑ ሳሕን ላይ የምታርፍ አውራ ጣት አልተለወጠችም። ቅቤውን ሙዝ የሚቀላቅል፥ ወተቱን በውኃ የሚያበዛ፥ በርበሬውን ቀይ አፈር የሚያስነካው፥ ሁሉም ትንሹን ቁና በእጁ ይዞአል። ስለ እነርሱ ብዙ አልናገርም፤ ራሳቸው ያውቁታል። ሥራውን ስርቆት ብሎ ስለማያውቀው ሰው ግን ልናገር።

በመሥሪያ ቤት ተቀምጠህ ባለጉዳይን ነገ ተመለስ የምትል ጸሐፊ ሆይ፥ አንተ ጉቦ አትቀበል ይሆናል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለውን ክፉ ተረት በአፍህም አታነሣው ይሆናል። ነገር ግን ያ ገበሬ ከሩቅ ወረዳ ፍየሉን ሸጦ የመጣ ነው፤ በከተማው ውስጥ የሚያድርበት ዘመድ የለውም፤ አንተ ሻይህን እስክትጨርስ ያሳለፍክበት ቀን የአንድ ሌሊት የማደሪያ ዋጋ ነው። ገንዘብ ሲሰረቅ ይመለሳል፤ ቀን ሲሰረቅ በምን ይመለሳል? አራት እጥፍ ቀን ከየት ታመጣለህ? የሚቻልህ አንድ ነገር ነው፤ ነገ ጧት ከሌላው ቀድመህ ገብተህ፥ ከወንበርህ ተነሥተህ የዚያን ሰው ወረቀት ራስህ ፈልግ።

እመቤት ሆይ፥ አንቺንም አላልፍሽም። ከገጠር መጥታ በቤትሽ የምታገለግል ልጅ አለችሽ። ከአንቺ በፊት ትነሣለች፥ ከአንቺም በኋላ ትተኛለች። ብርጭቆ ቢሰበር ከደመወዟ ትቆርጫለሽ፤ ስትታመም የቀረችበትን ቀን ትቆጥሪያለሽ፤ ከሌሊቱ የተቀማችውን እንቅልፍ ግን ማንም አይቆጥርላትም። ደመወዟ በእኔ ዘንድ ይጠራቀምላት ብለሽ ይዘሽ ይሆናል፤ መልካም ነው፤ ታዲያ ስንት እንደ ሆነ እርስዋ ታውቃለችን? የተጻፈ ነገር በእጅዋ አለን? ኦሪት የድሀ ሠራተኛ ዋጋ ፀሐይ ሳትገባ በዕለቱ እንዲከፈል ያዝዛል (ዘዳ. 24፥15)፤ ሐዋርያው ያዕቆብም የተያዘ የሠራተኛ ደመወዝ ራሱ አፍ አውጥቶ ወደ እግዚአብሔር እንደሚጮኽ ተናግሮአል (ያዕ. 5፥4)። ልጅቱ ዝም ትላለች፤ ደመወዟ ግን ዝም አይልም። በጸሎት ቤት በዕንባ ስትጸልዪ ያየሽ ሰው ብዙ ነው። የአንቺን ክርስትና ከሁሉ ይልቅ የምታውቀው ግን ከምድጃው አጠገብ የተቀመጠችው ናት። ምስክርነትሽን ብትጠየቅ ምን ትል ይሆን? ማታ ማታ ትምህርት ቤት መሄድ ትወድ እንደ ሆነ ጠይቀሻት ታውቂያለሽን?

ተማሪ ሆይ፥ አሁን ወደ አንተ መጣሁ። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ወረቀት አስቀድሞ ወጥቶ ስለ ተበተነ ፈተናው ተቋርጦ በኋላ እንደገና ተሰጠ። ከዚያም በኋላ መኰረጁ ስላልቆመ፥ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተማሪዎች ሁሉ ከየትምህርት ቤታቸው ተነሥተው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ገብተው እንዲፈተኑ ተደረገ። ውጤቱ በጥር ወር ሲነገር፥ ወደ 900,000 ከሚጠጉት ተፈታኞች መካከል እኩሌታውንና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኑ። አገር ሁሉ ደነገጠ። ይህን ሁሉ በኩረጃ ላይ ብቻ መጫን ቅንነት አይደለም፤ መጽሐፍ ያልደረሳቸው፥ መምህር ያልተሟላላቸው፥ በጦርነት ትምህርታቸው የተቋረጠባቸው ብዙ ነበሩ። ነገር ግን ብዙ ዓመት በትንሹ ቁና ስንሰፍር ኖረን፥ በትልቁ ቁና በተሰፈርን ጊዜ ጉድለታችን በሰሌኑ ላይ ታየ።

ባልንጀራህን በፈተና ማስኮረጅ ፍቅር ነው ይሉሃል፤ እንቢ ያለውን ራስ ወዳድ ነው ይሉታል። ይህ ከባድ ፈተና ነው፤ ስለ ጓደኝነት ሲባል የሚሠራ ኃጢአት ደግ መስሎ ይታያልና። ፍቅርህ እውነተኛ ከሆነ ከፈተናው በፊት ባሉት ሌሊቶች ከእርሱ ጋር ተቀምጠህ አስረዳው፤ ያ ዕንቅልፍ ያሳጣሃል፤ ወረቀትህን ዘንበል ማድረግ ግን ምንም አያስከፍልህም። ምንም የማያስከፍል ፍቅር ደግሞ ሊመረመር ይገባዋል።

ኰርጆ አልፎ ዛሬ በዚያ ወረቀት እንጀራ የሚበላ ሰው፥ እኔስ ምን ልመልስ? ብሎ ቢጠይቀኝ መልሱ ቀላል ነው ብዬ አልዋሽም። ቦታውን ያጣበትን ልጅ አያውቀውም። ቢያንስ ከሚያምነው አንድ ሽማግሌ ጋር ተቀምጦ ነገሩን ይግለጠው፤ በኩረጃ ያለፈውንም ትምህርት ዛሬ ከመጀመሪያው ቁጭ ብሎ ይማረው። በተለይ በሽተኛ የሚያክም ወይም ድልድይ የሚሠራ ሰው ቢሆን ይህን ለነገ አያሳድረው፤ በእርሱ ዕውቀት ሕይወቱን ያኖረ ሰው አለና። ወንበሩንም መልቀቅ የሚገባው ሆኖ ቢያገኘው ይልቀቅ።

ይህን የሉቃስን ወንጌል በአማርኛ ማንበብህ ከእንዲህ ያለ ታማኝነት የመጣ መሆኑን ታውቃለህን? አቡ ሩሚ የሚባል የአገራችን ሰው በካይሮ ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ ሲመልስ አሥር ዓመት ፈጀበት። አሰላን ደ ሼርቪል ከሚባለው ከፈረንሳዩ ቆንስል ጋር በየሳምንቱ ማክሰኞና ቅዳሜ እየተገናኙ፥ በሩን በእንግዳ ላይ ዘግተው፥ ቃል በቃል ያነብቡ ነበር። በዚያ ሁሉ ማክሰኞና ቅዳሜ አንዱን አስቸጋሪ ቃል ቢዘልለው ማን ያውቅበት ነበር? ሥራው ከ9,000 በላይ ገጽ ሆነ። እርሱም በወረርሽኝ በ1819 እ.ኤ.አ. በዚያው በካይሮ ሞተ፤ ወንጌሎቹ የታተሙት በ1824፥ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1840 እ.ኤ.አ. ነው። የታተመውን አንድ ገጽ እንኳ በዓይኑ አላየም።

አሁን ወደ ጤፍ ነጋዴው ልመለስ። ከደንበኞቹ ሁሉ የመጨረሻዋ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ አንዲት ባልቴት ነበሩ። ወደ እርሳቸው መሄድን ከሁሉ ይልቅ ፈርቶ እስከ መጨረሻ ያቆየው፥ 11 ዓመት ሙሉ ሳያቋርጡ ከእርሱ ስለ ገዙና አንድ ቀን እንኳ ስፍሩን ሳይመለከቱ «እግዚአብሔር ይስጥህ» ብለው ስለ ሄዱ ነው። ጆንያ ጤፍ በአህያ አስጭኖ ከደጃቸው ደረሰ። «እማማ፥ ይህ የእርስዎ ነው፤ ሌላም አለብኝ፤ በየወሩ አመጣለሁ» ብሎ ነገሩን ሁሉ ነገራቸው። ራሱንም አላነሣም።

ባልቴቲቱ ብዙ ዝም አሉ። ከዚያም እጃቸውን ወደ ጆንያው አግብተው ጤፉን በጣታቸው መካከል አፈሰሱት። «ልጄ» አሉት፥ «ጤፉ እንደሚጎድል አውቅ ነበር። ምጣዴ ይነግረኛል። የጎደለውን እኔ አልተሸከምኩትም፤ ሊጡን እያቀጠንሁ በገዢዎቼ ላይ ሳወርደው ኖሬአለሁ። የቀን ሠራተኞች ናቸው፤ በልተው አይጠግቡም ነበር። ይህ ጤፍ የእኔ አይደለም።»

እርሱ ከደጁ እንደ ቆመ ቀረ። እርሳቸው ግን ተነሥተው ነጠላቸውን አጣፉና ጆንያውን በአንድ ወገን ያዙ። «በል በዚያ በኩል ያዝልኝ፤ ዛሬ አስፈጭቼ አቡኬ ካላሳደርኩት ለነገ ወዲያ አይደርስልኝም» አሉት።